የሞተሩ ሲል ሁለቴ ተሰበረ፤ ጥፋቱ ግን የሲሉ ነው?

ሮታሪ ሞተር (በፒስተን ፈንታ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር የሚሽከረከርበት) ያለው የአንድ አንባቢ ጥያቄ በአጭሩ ይኸውና፦

«ሦስተኛው ትውልድ ማዝዳ አርኤክስ-7 አለኝ። ሞተሩ 13ቢ-አርኢደብሊው ነው። ሁለቱ የፋብሪካ ተርቦዎች ወጥተው አንድ ትልቅ ተርቦ ገብቶለታል። ቡስቱ (ተርቦው የሚጨምረው የአየር ግፊት) 1.4 ባር፣ ነዳጁ 95 ኦክቴን የማደያ ቤንዚን። ባለፈው ዓመት የኋላው ሮተር አፔክስ ሲል (የጫፉ ማሸጊያ) ተሰበረ። ሞተሩ ተፈቶ ታደሰ፤ ጠንካራ ነው የተባለ ሌላ ሲል ገባለት። ከአራት ወር በኋላ በአራተኛ ማርሽ እስከ መጨረሻ ረግጬው ሳለ ጉልበቱ ድንገት ጠፋ። አሁን ይነሳል፤ ሚኒሞ ላይ ግን ክፉኛ ይንቀጠቀጣል። ኮምፕሬሽን ሲለካ የፊቱ ሮተር 7.1፣ 7.0 እና 6.9 ኪሎ (በካሬ ሴንቲ ሜትር)፣ የኋላው 6.8፣ 3.1 እና 3.3 ኪሎ ሆነ። የአየርና የነዳጅ ምጣኔው ሙሉ ሲረገጥ 11.2 እንደነበር ኮምፒውተሩ መዝግቧል፤ ስለዚህ ነዳጅ አላነሰውም። አንዱ መካኒክ ሴራሚክ ሲል ግዛ ይለኛል። ሌላው ሮታሪ ድሮም ቡስት አይችልም፣ ሽጠው ይለኛል። የትኛውን ሲል ይመክሩኛል?»

ምንም ሲል አትግዛ። ገና ነው።

የላክኸው ቁጥር ምን እንደተሰበረ ጥርት አድርጎ ይናገራል። ለምን እንደተሰበረ ግን ትንፍሽ አይልም። ባለፈው ዓመት ሞተሩን ያደሰልህ ሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሶ ሁለተኛውን ዘሎታል። ሲል ቀየረ፣ ገጠመ፣ አስረከበ። የሰበረው ነገር ግን መኪናው ላይ እንዳለ ቀረ። አሁንም በዚያው መንገድ ከሄድክ ሦስተኛውን ሲል ለመስበር እየከፈልክ ነው። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ወፈር ያለ ሽቦ እንደማስገባት ማለት ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እናንብበው። ሮተሩ ሦስት ገጽና ሦስት ጫፍ አለው። በየጫፉ አንድ አፔክስ ሲል ተቀምጧል። አንድ ሲል ግራና ቀኙ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ይለያል። ስለዚህ አንዱ ሲል ሲሰበር ሁለት ገጽ ተያይዞ ይወድቃል፤ ሦስተኛው ጤነኛ ሆኖ ይቀራል። 6.8፣ 3.1፣ 3.3 ማለት ይኸው ነው። አንድ ገጽ ብቻ ቢወድቅ ኖሮ የምጠረጥረው በሮተሩ ጠፍጣፋ ጎን ላይ ያለውን ሳይድ ሲል ነበር። ሦስቱም እኩል ዝቅ ቢሉ ደግሞ ያረጀ ሞተር፣ የተበላ ክሮም (ሲሉ የሚንሸራተትበት ግድግዳ ሽፋን) ወይም በቤንዚን የታጠበ ሞተር ነው። ለዚህ ሞተር የፋብሪካው ልክ በደቂቃ 250 ዙር ላይ 7.0 ኪሎ ገደማ ነው። ከ6.0 በታች ከወረደ ሞተሩ መፈታት አለበት። በአንድ ሮተር ገጾች መካከል ከ1.5 ኪሎ፣ በሁለቱ ሮተሮች መካከል ደግሞ ከ1.0 ኪሎ በላይ ልዩነት አይፈቀድም። የፊተኛው ሮተርህ ሙሉ ጤነኛ ነው። ይህን ያዝልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ስድስት ቁጥር መላክህ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው ሁለት ብቻ ይዞ ይመጣል። ተራው የፒስተን መለኪያ ውስጡ መላሽ ቫልቭ ስላለው ከሦስቱ ገጾች ትልቁን ቁጥር ይዞ ይቆማል። ባንተ መኪና ላይ ቢገጠም የኋላውን ሮተር 6.8 ብሎ «ደህና ነው» ይልህ ነበር። ለሮታሪ የተሠራው መለኪያ ሦስቱንም ገጽ ለየብቻ ያነባል፤ የሞተሪኖውንም ፍጥነት አብሮ ይመዘግባል። ፍጥነቱ ወሳኝ ነው። ባትሪ ደክሞ በደቂቃ 180 ዙር ላይ የተለካ ሞተር ጤነኛም ቢሆን በሽተኛ ይመስላል። ሞተሩ ሞቆ፣ የአየር መግቢያው ሙሉ ተከፍቶ፣ ነዳጅና እሳት ተቋርጦ ነው የሚለካው።

መሣሪያ ለሌለው ሰው ጆሮም ይረዳል። ከአንዱ ሮተር ካንዴላ ይፈታል፣ ነዳጅና እሳት ይቋረጣል፣ ሞተሪኖው ይመታል። ጤነኛ ሮተር በሰከንድ አራት ጊዜ ያህል እኩል ይተነፍሳል፦ ፍስ፣ ፍስ፣ ፍስ፣ ፍስ። ሲል የተሰበረበት አንድ ጠንካራ ትንፋሽ ካሰማ በኋላ ሁለቱን ያልፈሰፍሳል፤ ከዚያ እንደገና አንድ ጠንካራ። አንዴ የሰማው ሰው አይረሳውም። ከካንዴላው ቀዳዳ ፊትህን ራቅ አድርግ፤ የቀረ ቤንዚን ተረጭቶ ይወጣል።

አሁን ወደ ሁለቱ መካኒኮችህ። «ሮታሪ ቡስት አይችልም» የሚለው ትክክል አይደለም። ማዝዳ ራሱ ይህን ሞተር በሁለት ተርቦ ሠርቶ ሲሸጥ ከ255 ጀምሮ በመጨረሻዎቹ ዓመታት እስከ 280 የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር። ያውም ከ1.3 ሊትር። ሮታሪ የማይችለው ቡስትን ሳይሆን ዲቶኔሽንን፣ ማለትም ድብልቁ በራሱ መፈንዳቱን ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ነው ሰውን የሚያሳስተው። ሌላም ተቃራኒ ወሬ አለ፤ ሮታሪ አያንኳኳም የሚል። መነሻው እውነት ነው። ተርቦ የሌለው ሮታሪ ዝቅ ያለ ኦክቴን በደንብ ይታገሳል። በቡስት ላይ ግን ይኸው ትዕግስት ያልቃል፤ ሲያልቅም ማስጠንቀቂያ የለውም።

ለምን የለውም? በጤናማ ቃጠሎ ነበልባሉ ከካንዴላው ተነስቶ እየተስፋፋ ይሄዳል፤ ግፊቱም በሥርዓት ይጨምራል። ዲቶኔሽን ሲመጣ ነበልባሉ ያልደረሰበት የቀረው ድብልቅ ከሙቀትና ከግፊት ብዛት በራሱ በአንድ ቅጽበት ይፈነዳል። የፒስተን ሞተር ይህንን ድንጋጤ በወፍራም ፒስተን ላይ ይቀበላል። ያንኳኳል፣ ሹፌሩ ይሰማል፣ እግሩን ያነሳል። የሮታሪ ሲል ግን 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ቁራጭ ናት። ከኋላዋ ቀጭን ስፕሪንግና የጋዝ ግፊት እንጂ ሌላ ደጋፊ የላትም። ድንጋጤው ሲመታት ወደ ጎድጓዷ ትገፋለች፣ ትመለሳለች፣ ከግድግዳው ጋር ትጋጫለች። ጥቂት ምት ይበቃታል። አንዳንዴ አንድ። ተርቦና የተከፈተ ጭስ ማውጫ በሚያጓራበት መኪና ውስጥ ደግሞ ምንም አትሰማም። የምትሰማው ጉልበቱ ሲጠፋ ነው፤ አንተ እንደጻፍከው።

ይህ ሁሉ ወደ አንድ ዓረፍተ ነገርህ ያመጣኛል፦ «11.2 ስለነበር ነዳጅ አላነሰውም።» ችግሩ ያለው እዚህ ነው። ሴንሰሩ የተተከለው የሁለቱ ሮተሮች ጭስ ከተቀላቀለ በኋላ፣ ከተርቦው ወዲያ ነው። ያነበብከው የሁለቱን ድምር ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ነዳጁ አነሰ ማለት ነው። ሁለቱ ሮተሮች እኩል አየር ይወስዳሉ እንበል። የኋላው የሚያገኘው ነዳጅ ከፊተኛው በ15 በመቶ ያነሰ ቢሆንስ? ድምሩ 11.2 ሆኖ ሳለ የፊቱ 10.4፣ የኋላው 12.2 ላይ ይሠራል። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ሰላም ነው። የኋላው ሮተር ግን በማደያ ቤንዚንና በ1.4 ባር 12.2 ላይ እየነደደ ነው። ይህ ሲል ይሰብራል። ያውም ሁልጊዜ የዚያኑ ሮተር። የፊቱ ጤነኛ፣ የኋላው ሁለቴ የተሰበረ። ላስይዝህ ያልኩህ ቁጥር የሚያመለክተው ወደዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው ቅንብር ብቻ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ሮተሮች አደጋ ላይ ነበሩ። አንዱን እየለየ የሚመታ ነገር ለአንዱ ብቻ የሆነ ነገር ነው፤ ኢንጀክተር፣ ካንዴላ፣ ኮይል፣ ገመድ።

ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ነዳጁን የሚረጨውን ኢንጀክተር ነው። ምክንያቱን ልንገርህ። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር አራት ኢንጀክተር ሰጥቶታል። ለእያንዳንዱ ሮተር አንድ 550 ሲሲ ቀዳሚ፣ አንድ 850 ሲሲ ሁለተኛ። ሁለተኛዎቹ የሚከፈቱት ጭነት ሲመጣ ብቻ ነው። ስለዚህ የኋላው ሮተር ሁለተኛ ኢንጀክተር ግማሽ ቢዘጋ ሚኒሞ ላይ ምንም አይታይም። ከተማ ውስጥ ስትነዳ ምንም የለም። ረጅም መንገድ ላይም የለም። የሚታየው ሙሉ ስትረግጥ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዘግይቷል። አንተ ትላልቅ ኢንጀክተሮች አስገብተህ ከሆነም አሠራሩ ያው ነው። አራቱንም አስፈትተህ ወደ መሞከሪያ ማሽን ላክ። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ከመታጠባቸው በፊት ይለኩ። ብዙ ቦታ መጀመሪያ ያጥባሉ፣ ከዚያ ይለካሉ፣ «ሁሉም እኩል ነው» ብለው ይመልሱልሃል። ማስረጃው ከቆሻሻው ጋር ታጥቦ ሄደ ማለት ነው። የትኛው ኢንጀክተር ከየት እንደወጣም ምልክት ይደረግበት።

ቀጥሎ የነዳጅ ግፊት። ይህ ሁለቱንም ሮተር ይነካል፤ ደካማ ኢንጀክተር ያለበትን ግን ቀድሞ ይጥለዋል። መነሻ ግፊቱን 3 ባር ብለን እንያዝ። ቡስቱ 1.4 ሲደርስ የነዳጁ ግፊት 4.4 መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ኢንጀክተሩ የሚረጨው ቡስቱን እየተጋፋ ነው። ፓምፑ ደክሞ 3.9 ላይ ቢቀር የቀረው የግፊት ልዩነት 2.5 ነው። የሚወጣው ነዳጅ 9 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጥሩው ነገር ይህንን ሞተሩ ተሰብሮም መለካት ትችላለህ። የግፊት መቆጣጠሪያውን የቡስት ቱቦ ንቀልና በእጅ ፓምፕ 1.4 ባር ስጠው። የነዳጅ ፓምፑን በቀጥታ ኃይል አስነሳ፤ ኃይሉ ግን በመኪናው በራሱ ሽቦ ይምጣ። ከመቆጣጠሪያው የሚመለሰውን ነዳጅ በተለካ ዕቃ ተቀበል። 400 የፈረስ ጉልበት ለሚያወጣ ሮታሪ በደቂቃ 2.5 ሊትር ከዚያ ግፊት ጋር ካላየሁ ፓምፑን አላምነውም። ፓምፑ ጫፍ ላይ ቮልቴጁንም ለካ። አሮጌ ሽቦና የተበላ መሬት ብዙ አዲስ ፓምፕ «ሞተ» አስብለዋል። ይህን ስትሠራ አየር በደንብ በሚገባበት ቦታ፣ ከእሳትና ከሚፈነጥቅ ነገር ርቀህ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብህ አድርገህ ነው። ይህን ለማለት ያህል አይደለም የምጽፈው።

እሳቱን ደግሞ እንይ። እዚህ ብዙ ጎበዝ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሴንሰሩ የሚለካው ኦክስጅን እንጂ ነዳጅ አይደለም። ቡስቱ በርትቶ እሳቱን ሲያጠፋው ያልተቃጠለው ኦክስጅን ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል። ሴንሰሩም «ነዳጅ አነሰ» ይላል። ቅንብር ሠሪው ነዳጅ ይጨምራል። ድብልቁ ይበልጥ ይረጥባል፣ እሳቱ ይበልጥ ይጠፋል፣ ቁጥሩ ይበልጥ ያስደነግጣል። ከዚያ ኮይሉ ይቀየራል፤ ሁሉም ነገር ከሒሳቡ ይወጣል። ስለዚህ ኮይሎቹ፣ ገመዶቹና ካንዴላዎቹ ሳይፈተሹ የነዳጅ ቅንብር መንካት አይገባም። በየሮተሩ ሁለት ካንዴላ አለ፦ ከታች ሊዲንግ፣ ከላይ ትሬይሊንግ። የትሬይሊንግ ገመዶች ፊትና ኋላ ተለዋውጠው እንዳይሆን በዓይንህ አረጋግጥ። ከእድሳት በኋላ የሚሠራ ስህተት ነው፤ ሞተሩም እንዲያ ሆኖ ይነሳል። የካንዴላው የሙቀት ቁጥርም ይታይ። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር በኤንጂኬ ቁጥር ከታች 7፣ ከላይ 9 ያደርጋል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው። 7 ቁጥርን በ1.4 ባር መንዳት የጋለ ፍም ውስጡ ማስቀመጥ ነው፤ እሳቱ ሳይደርስ እሱ ያቀጣጥላል። ሁሉም ቦታ 9 ወይም 10 አድርግ።

ካንዴላ ስታነብም ከፒስተን ሞተር የለመድከውን እርሳ። እዚያ የዲቶኔሽን ምልክት በነጩ ሸክላ ላይ የተረጩ የአሉሚኒየም ነጥቦች ናቸው። የሮታሪ ሮተር ግን ካስት አይረን ነው፤ ነጥቦቹ አይመጡም። ነጥብ አጥቶ «ዲቶኔሽን የለም» የሚል ሰው ካጋጠመህ ሌላ ሰው ፈልግ። የተሰነጠቀ ሸክላ ግን እዚህም ቤት መጥፎ ዜና ነው።

ቡስቱ በእርግጥ 1.4 ነው? ጌጁ ላይ ያየኸው ወይስ የተመዘገበው ጫፍ? ጭስ ማውጫውን ሰፊ ካደረግህ በኋላ የዌስትጌቱ (ትርፍ ጭስ ከተርባይኑ ውጭ የሚያሳልፈው በር) መንገድ ካልበቃው ቡስቱ ከፍተኛ ዙር ላይ በራሱ ይወጣል። ባንተ ላይ የደረሰው በአራተኛ ማርሽ ነው። ማርሹ ከፍ ሲል ሞተሩ ጭነት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፤ የሚገባው አየርም ይግላል። በሁለተኛ ማርሽ የተስተካከለ ቅንብር በአራተኛ ላይ ሲል የሚሰብረው ለዚህ ነው። መዝገቡን ክፈትና ጉልበቱ ከመጥፋቱ በፊት የነበረውን አንድ ሰከንድ ተመልከት፦ ቡስት፣ የአየር ሙቀት፣ የእሳት ዲግሪ፣ የባትሪ ቮልት፣ የኢንጀክተር መክፈቻ መቶኛ። መክፈቻው ከ85 በመቶ ካለፈ ኢንጀክተሩ መጠባበቂያ የለውም።

ወደ ሲሉ እንምጣ፤ ጥያቄህ እሱ ነበርና። የፋብሪካው ሲል ጠንካራ ግን ተሰባሪ ነው። ክሮሙን በደንብ ይይዛል፣ ዕድሜ ይሰጣል፣ በዲቶኔሽን ግን ይሰበራል። በገበያ ላይ ያሉት ለስለስ ያሉ የብረት ሲሎች ከመሰበር ይልቅ ይታጠፋሉ። ይህ ጥቅም አለው። ኮምፕሬሽኑ ይወድቃል እንጂ ስብርባሪ ግድግዳውንና ተርቦውን አይፈጭም። ዋጋውን የሚከፍለው ክሮሙ ነው፤ ቶሎ ይበላል። 3 ሚሊ ሜትር ሲል ለማስገባት ሮተሩን ማስፋት ያስፈልጋል፤ ሲሉም ይከብዳል። ሴራሚክ ቀላልና ለመበላት አስቸጋሪ ነው። በ1991 ሌ ማንን ያሸነፈው ባለ አራት ሮተር ማዝዳ 787ቢ ሴራሚክ ነበረው። ግን ያ ሞተር ተርቦ አልነበረውም። በጥንቃቄ ለተቀናበረ ሞተር ጥሩ ነው። የሆነ ሮተሩ ነዳጅ ለሚያንሰው ሞተር ግን ውድ ስብርባሪ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ዲቶኔሽንን የሚያስቆም አንድም የለም። የሚለያዩት ከጥፋቱ በኋላ ምን እንደሚተርፍህ ነው።

ሞተሩ ሲፈታ አጠገቡ ሁን፤ ካልቻልክ ፎቶ ይነሳ። ዕቃዎቹ ከየት እንደወጡ ሳይጻፍባቸው አንድ ሳህን ላይ ከተቀላቀሉ ምርመራው አለቀ። ሲሉ ጫፉ ላይ ተቆርሶ፣ የሮተሩ ጎድጓዳ አፍ ተጨፍልቆ ወይም ተከፍቶ፣ በገጹ ላይ የተመታ ቦታ ካለ ዲቶኔሽን ነው። ያልተሰበሩትን ሲሎች አንድ በአንድ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በጠርዛቸው አቁምና ከኋላ ባትሪ አብራ። በመሃሉ ብርሃን ካለፈ ሲሉን ሙቀት አጣሞታል። ይህ ማለት የተሰበረው ተሰበረ እንጂ ሌሎቹም ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። የሳይድ ሲሉን ክፍተትም አስለካ። ከጫፉ እስከ ኮርነር ሲሉ (የሮተሩ ማዕዘን ማሸጊያ) ከ0.05 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው የሚፈለገው። ጠብቆ ከተገጠመ ሲግል ይዘረጋል፣ የጎን ግድግዳውን ይጭራል። ይህ የገጣሚ ጥፋት ነው። ግን የገጣሚ ጥፋት ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይታያል። አራት ወር በሰላም ሠርቶ ሙሉ ሲረገጥ የተሰበረን ሞተር ገጣሚው ላይ ለመጫን አልቸኩልም።

ተርቦውን አትርሳ። የተሰበረው ቁራጭ መውጫው በጭስ ቀዳዳው ነው፤ ቀጥሎ የሚያገኘው የተርባይኑን ምላስ ነው። ተርባይኑ ተፈትቶ በባትሪ ይታይ። የምላሶቹ ጫፍ እንደ ተበላ ጥፍር ከሆነ ሚዛኑ ተዛብቷል። እንዲህ ያለውን ተርቦ በአዲስ ሞተር ላይ መልሰህ አትግጠም። ኢንተርኩለሩን ከሌላ ጥፋት ጋር ካላያያዝነው ደህና ነው፤ የሲል ስብርባሪ ወደዚያ አይሄድም።

ሌሎቹን የሞተር ሕመሞች ጠቅሼ ልለፍ፤ ያንተ ምልክት ባይሆኑም ሞተሩ ሲፈታ ይታዩ። ራዲያተር ውስጥ የሚፈላ የሚመስል አረፋ፣ ያለ ፍሳሽ የሚጎድል ውሃ፣ ጠዋት ሲነሳ ነጭ ጭስ፣ ይህ የውሃ ኦሪንግ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መኪናው አንዴ አሙቆ ያውቃል። ሚኒሞ ላይ ቆይቶ ሲረገጥ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ የዘይት ሪንግ ኦሪንግ ወይም የተርቦው ሲል ነው። ጉልበቱ በጣም ከፍ ባለ ሞተር ደግሞ የጎን ብረቶቹ በማጣመሚያው ኃይል ዳወል ፒኑ (ክፍሎቹን አስተካክሎ የሚያጋጥመው ፒን) አካባቢ ይሰነጠቃሉ። ስንጥቁ ፀጉር ስለሚያክል ሳይታጠብ አይታይም። ዘይቱም ይታሰብ። በሮታሪ ሮተሩን የሚያቀዘቅዘው ዘይቱ ራሱ ነው። የዘይት ራዲያተሩ ትንሽ ከሆነ ወይም ከተደፈነ የምታስተካክለው ቅንብር ሁሉ ሙቅ ሮተር ላይ ነው የሚቆመው።

አሁን ማስጠንቀቂያው። መኪናውን ከእንግዲህ አታስነሳው። ለገዢ ለማሳየትም፣ «ድምፁን ስማ» ለማለትም። በተነሳ ቁጥር ቁራጩ የክሮም ግድግዳውን ይቧጭራል፣ ሌላውም ወደ ተርቦው ይወጣል። ዛሬ የሚተርፍ ሮተር ሀውዚንግ (ሮተሩ የሚሽከረከርበት ቤት) ነገ ላይተርፍ ይችላል። በካንዴላ ቀዳዳ ዘይት አፍስሶ እንደገና መለካትም አያስፈልግም። ዘይት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ይህ በቤንዚን የታጠበን ሞተር ለመለየት ይጠቅማል እንጂ የተሰበረ ሲል አይቀጥልም።

ምክሬ ይኸውና። ሞተሩ ከመውረዱ በፊት የነዳጅ ግፊቱንና የፓምፑን መጠን አስለካ። ኢንጀክተሮቹን ሳይታጠቡ አስለካ። መዝገቡን ከነሙሉው አውጣ። ምክንያቱ ቁጥር ሆኖ እጅህ ላይ ሳይገባ አንድ ዕቃ አትግዛ። ሲታደስ የፋብሪካውን 2 ሚሊ ሜትር ሲል ግጠም። ጥንካሬውን ከቅንብሩ አምጣው። በጭስ ማኒፎልዱ ላይ ለየሮተሩ አንድ የሙቀት መለኪያ ይተከል። ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው የምትከታተለው። ቡስቱን በዚህ ቤንዚን 1.0 ባር ላይ አቁም። ምጣኔው በሁለቱም ሮተር ከ11.0 ከፍ አይበል። የእሳቱ ዲግሪ በሊዲንጉ ሙሉ ቡስት ላይ ከ10 እስከ 12፣ ትሬይሊንጉ ከእሱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘግይቶ ይጀምር። 1.4 የግድ ነው ካልክ በማደያ ቤንዚን ብቻ አይሆንም። የውሃና ሜታኖል መርጫ ወይም ኢ85 (አብዛኛው ኢታኖል የሆነ ነዳጅ) ያስፈልግሃል፤ መርጫው ሲያልቅ ወይም ሲደፈን ቡስቱን ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያም አብሮ። መከላከያ የሌለው መርጫ ከነጭራሹ ባይገጠም ይሻላል።

የኢንጀክተሮቹ ልኬት ሲመጣ አራቱም እርስ በርስ ከ2 ወይም 3 በመቶ በላይ ካልተለያዩ ጥርጣሬዬን ወደ ኋላው ሮተር ኮይልና ገመድ አዙር። እነሱን ደግሞ በጭነት፣ ሙቅ ሆነው ሳሉ አስፈትሻቸው። ቀዝቃዛ ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ኮይል ጤነኛ ነው።